ሂርቮላ ያልዘጋው መንገድ

«ሂርቮላ መንገዱን አልዘጋም» አለ አጎቴ ኢሳኪ። ከወረዳው ጎተራ ወጥተን ሐይቁ ዳር እስክንደርስ ይህንኑ ብቻ ነበር የሚያመነዥከው። «ሂርቮላ ካልዘጋ በረዶው ይይዛል ማለት ነው።»

«ማን አየ?» አልኩት።

«ሰው ሁሉ ይላል።»

«ሰው ሁሉማ አምናም ውርጭ አይመጣም ብሎ ነበር።»

አጎቴ የፈረሳችንን የሊናን ልጓም ሳብ ሲያደርግ ሸርተቴው ጋሪ ከዳርቻው ጭቃ ላይ ተንሸራቶ በረዶ የሆነው ሐይቅ ላይ ወረደ። ገና ጎህ መቅደዱ ነው። ያደረው ብርድ የበረዶውን ፊት እንደ ሸክላ አድርቆታል፤ ፀሐይ ስትበረታ ግን ያ ሸክላ ገንፎ ይሆናል። መፍጠን ነበረብን። ስለ መፍጠን ግን ሁለታችንም አላወራንም፤ የሚያስፈራን ነገር በስሙ ማንሳት በእኛ አገር እንደ መጥራት ይቆጠራል።

ጋሪው ላይ ሦስት ጆንያ የዘር ገብስ ታስሯል። በሰሜኑ ዳርቻ ያለን ቤቶች ዘራችንን በብርዱ ወራት በልተነዋል። መጀመሪያ ከጥድ ቅርፊት ዱቄት ጋር እኩል በእኩል ቀላቅለን፣ ኋላ ቅርፊቱ እየበዛ፣ በመጨረሻ ቅርፊቱ ብቻውን ቀረ። ይህ ገብስ መሬት ካልገባ የሚመጣው ዓመት የለም። ከዚህ የበለጠ ማብራሪያ የሚፈልግ ሰው ካለ፣ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ማሳው በውርጭ ያልተቃጠለበት ሰው ነው።

የጎተራው ጠባቂ በረዶው ቀልጦ ጀልባ እስኪወጣ እንድንጠብቅ መክሮን ነበር፤ ጆንያችሁ እኔ ዘንድ ይቆይ አለን። አጎቴ ኮፍያውን አውልቆ፣ በሙሉ አክብሮት፣ «ጌታዬ፣ ዘንድሮ እዚህ በቤተ ክርስቲያኑ መንደር የተቀመጠ ጆንያ ጆንያ አይባልም፤ ቁርስ ነው የሚባለው» አለው። ጠባቂው አልተቀየመም። ትከሻውን ሰብቆ፣ «እንግዲያስ ሂዱ። ሂርቮላም አልዘጋም አሉ» አለ። እሱ የሰማው ከቄሱ ሎሌ ነው። የቄሱ ሎሌ የሰማው ከዓሣ አጥማጆች፤ ዓሣ አጥማጆቹ ደግሞ ከማዶ ሆነው የሂርቮላ ቤት አባወራ ኩስታ ረጅሙን የበግ ቆዳ ካፖርቱን ለብሶ በረዶው ላይ ሲንጎራደድ አይተዋል። ወሬው ይኸው ነበር። አጎቴ በዚህ ወሬ ላይ ፈረሱን፣ ዘሩንና የወንድሙን ልጅ ጫነ።

በካርሂላምፒ ወረዳ የበረዶው መንገድ የማንም አይደለም፤ የእያንዳንዱ ነው። እያንዳንዱ ቤት ድርሻ አለው። የገና በዓል ሳይደርስ አባወራው የጥድ ጫፍ እየቆረጠ በድርሻው ላይ በመደዳ ይተክላል፣ ነፋስ የጣለውን ያቆማል፤ በረዶው የከፋ ቀን ደግሞ ሁለት ጥድ በመስቀለኛ ያስራል። ያኔ መንገዱ ተዘጋ ይባላል። የሚዘጋው አባወራው ብቻ ነው። ሚስት አትዘጋም፣ ሎሌ አይዘጋም፣ ጎረቤትማ አይታሰብም። የሰው በግ የሰረቀ በሽማግሌ ይታረቃል፤ የሰው ምልክት የነካ ግን እስከ ልጅ ልጁ ሰላምታ አያገኝም። ድርሻውን ማቆም ያቃተው ቤት የወደቀ ቤት ነው። የወደቀን ቤት ወረዳው ይበትነዋል፤ እናት አንድ ቤት ገረድ፣ ልጆች እያንዳንዳቸው ለየብቻ ሌላ ቤት።

ደግሞም አንጠያየቅም። ሌላ አገር ክፉ ዘመን ሲመጣ ሰው ጎረቤቱን ይጠይቃል መሰለኝ። እኛ ዘንድ ግን «እንዴት ናችሁ?» ማለት «ልመና ጀመራችሁ ወይ?» ማለት ስለሆነ፣ ጭሱን ከሩቅ አይቶ ማለፍ ነው ጨዋነቱ። ወረዳችን ከደብሩ ተለይቶ የራሱን ሊቀመንበርና የራሱን ማኅተም ካገኘ ጥቂት ዓመቱ ነው፤ ማኅተሙ ላይ «ሆድ ይፍጀው» ብለው ቢቀርጹበት ያምርበት ነበር።

ፀሐይ ከጥዶቹ በላይ ብቅ ስትል የቄሱን ቤት ድርሻ ጨርሰናል። በረዶው ላይ ውኃ ተኝቷል፤ የሊና ኮቴ በረገጠ ቁጥር ቸብ ይላል። ከዛፍ ልጥ የተሠራው ጫማዬ ውኃ ጠጥቶ ከበደ። አጎቴ ከፊት ነው፤ በየጥቂቱ እየቆመ ጫፉ ብረት በሆነው ዘንግ በረዶውን ይወጋል፣ ያዳምጣል፣ ይቀጥላል። ጤነኛ በረዶ ሲወጉት ይጮኻል። የበሰበሰው ግን ዝም ይላል፤ ልክ እንደ እኛ ወረዳ ሰው።

ዝምታው ሲከብደኝ፣ «በማርያም ብሥራት ዕለት ከእኛ ዳርቻ ቤተ ክርስቲያን የደረስከው አንተ ብቻ ነህ» አልኩት። «ቄሱ ከስብከቱ በኋላ የወረዳውን ጉዳይ አንብበው የለ? ምን ተባለ?»

«የተለመደው።»

«የተለመደው ምን?»

«አንቺ ልጅ፣ ይህ በረዶ የሚሰበር ከሆነ በሊና ክብደት አይምሰልሽ፤ በምላስሽ ነው።»

«ያንተ ምላስ ቢሰምጥ ደግሞ የሚያውቅልህ የለም፤ ድምፅ የለውማ።»

ጢሙ ስር ፈገግ ያለ መሰለኝ። ከዚያ እንደገና፣ ለራሱ፣ «ሂርቮላ አልዘጋም» አለ። አሁን ወሬ መሆኑ ቀርቶ ጸሎት ሆኖ ነበር።

መካከለኛዋ ደሴት ስንደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ወደ ቤታችን በቀጥታ የሚወስደው ግራው ነው፤ እዚያ ሁለት ጥዶች ተጋድመው ታስረዋል። ተዘግቷል። ቀኙ በሂርቮላ አፍንጫ፣ ሐይቁ ውስጥ በሚገባው የመሬት ጫፍ፣ ዞሮ ይሄዳል። የሂርቮላ ምልክቶች እንደ ወታደር ቀጥ ብለው ቆመዋል። ከፋሲካ ወዲህ ቆሞ የሚገኝ ምልክት የሰው እጅ አለበት። ፀሐይ የጥዱን እግር ታሞቃለች፣ ሥሩ ያለው በረዶ ይቀልጣል፣ ይወድቃል። የሚያነሳው ከሌለ ወድቆ ይቀራል።

«አየሽ?» አለ አጎቴ።

አየሁ። ልቤም ትንሽ ረጋ። በጫካው እንዙር እንዳንል መሬቱን በረዶ ለቆታል፤ ሁሉም ረግረግ ነው፣ ሸርተቴ አይሄድበትም። ወደ ኋላ እንመለስ ብንል ከኋላችን የመጣንበት ኮቴ ውኃ ሞልቶ ያብረቀርቃል።

አጎቴ ከጋሪው ሥር ገመድ አወጣና የሊና አንገት ላይ አጠለቀ። የማነቂያ ገመድ ነው። ፈረስ በረዶ ሰብሮ ሲገባ አንገቱን ያንቁታል፤ ትንፋሹ ሆዱ ውስጥ ታፍኖ እንደ ፊኛ ይንሳፈፋል፣ ያኔ ይጎትቱታል። ሊና ገመዱን አሸተተችና ጆሮዋን ወደ ኋላ ጣለች። እሷም ታውቀዋለች።

«ይይዛል ብለህ አልነበር?»

«ይይዛል። ገመዱ ልማድ ነው።»

ከሂርቮላ ምልክቶች አሥሩን ያህል እንዳለፍን ሰውዬው ታየን። ወደ አፍንጫው አቅራቢያ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርደው ካፖርት፣ የቀበሮ ቆዳው ኮፍያ፤ ጎንበስ ብሎ ምልክት ያቆማል። አጎቴ እንደዚያ በእፎይታ ሲተነፍስ ሰምቼው አላውቅም። «ኩስታ! ራሱ ኩስታ! ምን አልኩሽ?»

ሰውዬው ቀና አለ። አየን። እጁን ከፍ አድርጎ አወዛወዘ።

«ሰላም እያለን ነው» አለ አጎቴ።

«ኩስታ? ኩስታ መቼ ነው ለሰው እጁን ያነሳው? ሠርጉ ላይ እንኳ እጁን ኪሱ ውስጥ ነበር የከተተው።»

«ረሃብ ሰውን ያለዝባል።»

እጁ አሁንም ይወዛወዛል። ሁለት እጅ ሆነ። ድምፅ ግን የለም። እኔም እጄን አነሳሁ፤ በወረዳችን ሰው ሰላም ሲልሽ መኩራት አይገባም። ሊና ግን ቆመች። አጎቴ ልጓሙን ሳበ፣ እሷ እምቢ አለች፤ በዘንጉ በረዶውን ወጋ፤ ዘንጉ ዝም ብሎ እስከ እጁ ጠለቀ።

ድምፁ እንደ ጨርቅ መቀደድ ነበር። የሊና የኋላ እግር ገባ፣ ከዚያ ጋሪው ተከትሏት ዘመመ። እኔ በሆዴ ተዘርግቼ ራሴን አገኘሁት፤ መቼ እንደወደቅኩ አላውቅም። አጎቴ «ገመዱን! ጆንያውን! ገመዱን!» እያለ ይጮኻል፣ የቱን እንደሚፈልግ ራሱም አያውቅም። ቢላዬን ከሰገባው አውጥቼ ጆንያዎቹ የታሰሩበትን ጠፍር ቆረጥኩ። አንዱን በጥርሴም በጥፍሬም ስቤ አወጣሁት። ሁለተኛው ግማሽ አካሉ ውኃ ውስጥ ነው፤ አፉን ይዤ ወደ ኋላ ተንፏቀቅኩ፣ መጣ። ሦስተኛውን ጣቴ ነካው። ነካው ብቻ። ከጋሪው ጋር፣ ምንም ሳይጮህ፣ ጥቁሩ ውኃ ውስጥ ወረደ፤ ጥቂት አረፋ ወጣ፣ አበቃ።

አጎቴ የጋሪውን ማሰሪያ ቆርጦ ሊናን ማነቅ ጀምሯል። የሚወዳትን ፈረስ ጉሮሮ በገመዱ በሁለት እጁ አጥብቆ፣ ዓይኗን ላለማየት ፊቱን አዙሮ። ሆዷ ተነፋ፤ በጎኗ ተንሳፈፈች። ሁለታችን ጎተትን፤ በረዶው ጠርዙ እየተሰበረ መለሰን። ያኔ ነው ካፖርቱ የደረሰው። በሆዱ እየተሳበ፣ ከፊቱ መሰላል እየገፋ። መሰላሉን ሊና ደረት ሥር ሰደደና ገመዱን ከእኔ በላይ ጨበጠ።

«ባንድ ላይ! አሁን!» አለ ካፖርቱ።

የሴት ድምፅ ነበር።

ሊና በረዶው ላይ ወጥታ፣ ገመዱ ላልቶላት፣ ስትተነፍስ የሰማሁትን ድምፅ አልረሳውም። ኮፍያው ወድቋል። የኩስታ ሚስት፣ የሂርቮላዋ ፕሪታ፣ ጉንጯ ከጥርሷ ጋር የተጣበቀ፣ በባሏ ካፖርት ውስጥ እንደ ምስማር ቆማለች።

«እመቤት ፕሪታ» አለ አጎቴ፤ ውኃ እየተንጠባጠበበት፣ ኮፍያውን ሊያወልቅ ኮፍያ ፈለገ። «አባወራው የት ናቸው?»

«ብርድ መቷቸዋል፤ ተኝተዋል።»

ሌላ አልጠየቀም። እኔ ግን ምላሴ እምቢ አለኝ። «እመቤት፣ ሲያወዛውዙ የነበረው ተመለሱ ለማለት ነው እንዴ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አልጮሁም?»

የወደቀውን ኮፍያ አንስታ ደፋች።

ሁለቱን ጆንያ በመሰላሉ ላይ ጭነን፣ ሊናን እየደገፍን፣ ወደ ሂርቮላ ዳርቻ ወጣን። ቅዝቃዜው አጥንቴ ውስጥ ገብቷል፤ እኔ ግን የማስበው ስለ ገብሱ ነበር። ውኃ የጠጣ ዘር ባለበት ካደረ ያብጣል፣ ይበቅላል፣ ከዚያ ለማሳ አይሆንም፤ ለአሳማ እንኳ አይሆንም። ዛሬውኑ መድረቅ አለበት። አጎቴም ይህንኑ ነው ያሰበው፤ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ቀጥታ ወደ እህል ማድረቂያው ጎጆ አመራ። ጭስ ያጠቆረው ትልቅ የእንጨት ጎጆ ነው፤ የኩስታ አያት የሠራው፣ በዳርቻው የታወቀ።

ፕሪታ ቀድማው በሩ ፊት ቆመች።

«በእግዜር ይሁንብዎ እመቤት፣ እሳት እንልቀቅበት» አለ አጎቴ። «እስከ ማታ ይደርቅልናል።»

«ምድጃው ፈርሷል።»

«እጠግነዋለሁ። ድንጋይ መደርደር ነው።»

«እንጨት የለኝም።»

ሁላችንም ወደ ጎን አየን። በጎጆው ግድግዳ ላይ የተፈለጠ እንጨት፣ ጫፍ ለጫፍ ተስተካክሎ፣ እስከ ጣሪያው ክዳን ተደርድሯል። የኩስታ አደራደር ነው፤ እንጨት እንኳ ሲደረድር ለሰው የሚያሳይ ይመስል ነበር።

«እመቤት» አለ አጎቴ፤ ድምፁ ተለውጧል። «ይህ ዘር የአራት ቤት ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያስ በሩን ይልቀቁልኝ።»

«አባወራ ኢሳኪ፣ እዚህ እሳት አይነድም።» እጇን በሩ ላይ ዘረጋች፤ የካፖርቱ እጅጌ ረጅም ስለሆነ ጣቶቿ አይታዩም። «እሱ አለበት።»

በሩን አልከፈትነውም። መክፈት አላስፈለገም። በሆሣዕና ማግሥት ነው የሞተው አለች። የረሃቡ ትኩሳት። ድርሻውን ለልጆቹ እየሰጠ፣ እሱ በልቻለሁ እያለ። ወደ ጎተራው ሄደህ የድሃ እህል ጠይቅ ብትለው፣ የድሃ እህል የተቀበለ ቤት ልጆቹን እንደሚነጠቅ ታውቂያለሽ አላት፤ እውነቱን ነበር፣ ሁላችንም የምናውቀው ደንብ ነው። ሲሞት እዚያ አስተኛችው፤ ብርዱ እስካለ ይቆያል ብላ። ሰው እንዳያውቅ በየማለዳው ካፖርቱን ለብሳ ምልክቱን ታቆም ጀመር።

«በረዶው እንደከፋ አውቄያለሁ» አለች። «ሦስት ቀን ሆነው። ግን መዝጋት የአባወራ ነው። እኔ ብዘጋ ማን ዘጋው ይባላል? ተዪው ብዬ ምልክቱን ብተወው ደግሞ ሂርቮላ ወደቀ ይባላል።» ወደ እኔ ዞረች። «ብጮህ ድምፄን ትሰሙት ነበር፣ ልጄ።»

ይህን ስሰማ አፌ ውስጥ የተዘጋጀ መልስ ነበር፤ ሁልጊዜ አለ። ዋጥኩት።

ገብሱን ቤት ውስጥ አሰጣነው። ጠረጴዛው ላይ፣ አግዳሚው ላይ፣ አልጋው ላይ፣ ወለሉ ላይ አንሶላ አንጥፈን። ምድጃው በኩስታ እንጨት ቀይ እስኪሆን ነደደ። ሁለት ሴት ልጆች ምድጃው ጀርባ ካለው መኝታ ላይ ሆነው እህሉን በዓይናቸው ይበላሉ፤ አንዷም እጇን አልዘረጋችም። እንዲህ አድርገን ነው የምናሳድጋቸው። ፕሪታና እኔ በጉልበታችን ሆነን ፍሬውን በመዳፋችን እናገላብጣለን፤ አንዳንዱ ከወዲሁ ለስልሶ አፍንጫውን አሹሏል፣ አብዛኛው ግን ገና ጠንካራ ነው። ይተርፋል ብዬ አሰብኩ። ከሁለቱ ጆንያ አንዱ እንኳ ቢተርፍ፣ ለአራት ቤት ቀጭን ቀጭን ተደርጎ ይዘራል።

አጎቴ ልብሱ እንፋሎት እያወጣ ምድጃው አጠገብ ተቀምጧል። በመስኮቱ የእንጨቱ ድርድር ይታየዋል።

«አባወራ ኢሳኪ» አለች ፕሪታ፤ ቀና ሳትል። «ዘራችሁን አጥፍቼባችኋለሁ። ልትቀየሙኝ ትችላላችሁ። ግን ለወረዳው አትንገሩብኝ። ልጆቹ አንድ ላይ ይቆዩልኝ፤ በረዶው ይልቀቅ እንጂ እኔው ራሴ በጀልባ ወስጄ እቀብረዋለሁ።»

«አይነገርም» አለ አጎቴ።

ከዚያ ግን ዝም አላለም። አፉ ከፈት ዘጋ እያለ ቆየ፤ ከውኃ እንደወጣ ዓሣ። እኔ ብርዱ መስሎኝ ነበር።

«ባይነገርም ምንም አይሆኑም» አለ በመጨረሻ። «ማለቴ… ቢነገርም። በማርያም ብሥራት ዕለት፣ ከሆሣዕና ቀደም ብሎ፣ ከመስበኪያው ላይ ተነቧል። አዲስ እህል እስኪገባ ድረስ የድሃ እህል የሚወስድ ቤት አይበተንም። ልጅ ከእናቱ አይለይም። ወረዳው በጉባኤ ወስኗል።»

የፕሪታ እጅ ገብሱ ላይ ቆመ።

«ማን ሰማው?»

«እኔ።» ድምፁ እንደ በሰበሰ በረዶ ነበር። «ስመለስ በደጃችሁ ነው ያለፍኩት። ጭስ ነበረ። እንዲህ ያለ ወሬ ይዞ ሰው ቤት መግባት… ለማኝ ናችሁ ማለት ይሆንብኛል ብዬ ነው።»

ፕሪታ ፍሬዎቹን እንደገና ማገላበጥ ጀመረች፤ ቀስ ብላ፣ አንድ በአንድ።

«ሲያልፉ አይተንዎታል» አለች። «ኩስታ ያን ቀን እንጨት ይፈልጥ ነበር።»